ማሽን የለም ብለሽ አትቅሪ

ጠያቂያችን ዳባት አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ታናሽ ወንድሟ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ አሁን ማንኪያ አፉ ጋ ማድረስ ይቸግረዋል፣ አንደበቱም ተሳስሯል። ጎንደር ያየው ሐኪም «አታክሲያ ነው (የእንቅስቃሴ ቅንጅት መታወክ)፣ በዘር የመጣ ይመስላል» ካላት ወዲህ የዚህን በሽታ ዘረመል (ጂን) ማጥናት ሕልሟ ሆኗል። አጎቷ ደግሞ አዘዞ ላይ ክሊኒክ ሊከፍት ነውና ላብራቶሪውን ያዢልኝ ይላታል። አባቷ «ጂን እንጀራ አይሆንም» ብለዋል። እሷም «እዚህ ጂን የሚያነብ ማሽን በሌለበት ምን እሠራለሁ? የውጭ ስኮላርሺፕ እስካገኝ ልጠብቅ?» ትላለች። የመመረቂያ ነጥቧ 3.1 መሆኑና ስለ ወንድሟ ሕመም ለእጮኛዋ አለመንገሯም ያሳስባታል።

እህቴ፣ «እስካገኝ ልጠብቅ» ያልሽው ነው ቶሎ ብዕር ያስነሳኝ። ስኮላርሺፕ እጠብቃለሁ እያለ ዕድሜው የነጎደ ስንት ጎበዝ አውቃለሁ።

ማሽን ማጣት ይህን ሙያ አስቁሞት አያውቅም። ጀርመናዊው ሐኪም ኒኮላውስ ፍሪድራይክ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን አታክሲያ እ.ኤ.አ. በ1863 ሃይድልበርግ ላይ ሲገልጽ «ጂን» የሚባለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። በሽተኞቹን ደጋግሞ አየ፤ ወንድምና እህት ሆነው የታመሙትን አስተያየ፤ የሞቱትን አስከሬን ከፍቶ ኅብለ ሰረሰራቸውን ተመለከተ። ጂኑ የተገኘው በ1996 ነው፤ ያውም በወጉ ተመርምረው የተመዘገቡ ቤተሰቦች ስለነበሩ። በዘር የሚተላለፈው የአንጎል ሕመም፣ የሃንቲንግተን በሽታም እንደዚሁ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ዌክስለርና ባልደረቦቿ ቬኔዙዌላ ውስጥ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር እየተመላለሱ ከ18,000 በላይ ሰው ያለበት የዘር ሐረግ ሠሩ፣ ከ4,000 በላይ የደም ናሙና ሰበሰቡ። በ1993 ጂኑ ሲገኝ የእነዚያ ቤተሰቦች ደም ትልቁን ድርሻ ነበረው።

እኛ ጋ የጎደለው በወጉ የታየ ሕመምተኛ ነው። ስንቱ ነው እንደ ወንድምሽ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው፣ ጎረቤት እንኳ የማያውቀው? ከውጭ የመጣ ተመራማሪ ያንን ጓዳ አያገኘውም። አንቺ ስትሄጂ ግን የእገሌ ልጅ ናት ብለው ቡና ያፈላሉ። የአገራችን ሽማግሌ ለጋብቻ ሲጠየቅ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ማን ከማን ወለደ፣ ማን በልጅነቱ እግሩ ከዳው፣ ሁሉን ያውቃል። ያንን ሴቷን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን እያደረግሽ ወረቀት ላይ ብታሰፍሪው የትም አገር የዘረመል ክሊኒክ የሚቀበለው ሰነድ ነው። ሳራ የሚባለውን የአታክሲያ መለኪያም ልመጂ፦ አረማመድን፣ አቋቋምን፣ አቀማመጥን፣ ንግግርንና የእጅ እግርን ቅንጅት በ8 ነጥቦች አይቶ ከ0 እስከ 40 ይሰጣል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት መጠይቅ ይዤ ወገራንና ዳባትን በእግሬ ያዳረስኩ ሰው ነኝና ወደ ሜዳው ባደላ አትፍረጂብኝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት የሕዝብና የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ጣቢያ እዚያው ደጅሽ ላይ ነው። በመረጃ ሰብሳቢነት ግቢ። ጎንደር ሆስፒታል የነርቭ ታካሚ የሚታይበትን ቀን ጠይቀሽ፣ ፈቃድ አግኝተሽ ከሐኪሙ አጠገብ ቁሚ። ሁለተኛ ዲግሪሽንም እዚሁ በኤፒዲሚዮሎጂ (በበሽታ ሥርጭት ጥናት) ያዢው፤ የመመረቂያ ርዕስሽ የእንቅስቃሴ መዛባት ይሁን። ጂኑን ራሱን ማጥናቱ ለሦስተኛ ዲግሪ ይደርሳል።

ለነገሩ ማሽኑም የፈራሽውን ያህል አይደለም። በፍሪድራይክ አታክሲያ ላይ ጂ.ኤ.ኤ. የሚባሉ ሦስት ፊደላት ያለ ልክ ይደጋገማሉ፤ ጤነኛው ሰው ላይ ከ40 በታች፣ ሕመምተኛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች። ጂን በጅምላ የሚያነበው ውድ ማሽን ይህን ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ ማጣሪያው ዘረመልን በሚያባዛው ፒሲአርና ርዝመቱን በሚለየው ጄል ይሠራል። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ፒሲአር የሚያስደነግጠው የላብራቶሪ ሰው የለም። የወንድምሽ ሕመም ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ፍሪድራይክ በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሕንድ ይታያል፣ ከሰሃራ በታች ግን ብርቅ ነው። እኛ ደግሞ መካከል ላይ ነን። ለምርምር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ታመጫለሽ?

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ደም ቀድቶ ላኪ ብቻ ሆነሽ እንዳትቀሪ። ሐምራዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ከመሙላትሽ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱ ተፈርመው ይለቁ። ስምሽ ጽሑፉ ላይ መኖሩን፣ ውጤቱም ለቤተሰቡ መመለሱን አስቀድመሽ ጠይቂ። የማራካይቦ ቤተሰቦች ለዓለም ያን ሁሉ ሰጥተው ድህነታቸው እንዳለ ነው።

ወንድሜን አድናለሁ ብለሽ ከሆነ የምትገቢው ግን ከአሁኑ ተይው። የዌክስለር እናት በሃንቲንግተን የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ጂኑ ከ15 ዓመት በኋላ ተገኘ፣ ፈውሱ ዛሬም የለም። ለፍሪድራይክ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኦማቬሎክሶሎን፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ እሱም ቢሆን ሕመሙን ያዘገያል እንጂ አያድንም። ለወንድምሽ የሚጠቅመው የእህት ሥራ ነው። ሐኪሙን ስለ ቫይታሚን ኢ ጠይቂው፦ ቱኒዚያና አካባቢዋ በብዛት የታየ፣ ፍሪድራይክን የሚመስል አንድ አታክሲያ አለ፤ መንስኤው የዚህ ቫይታሚን እጥረት ስለሆነ በጊዜ ከተደረሰበት በብዙ መጠን በመስጠት ይገታል። ፍሪድራይክ ልብንም ይጎዳልና ልቡም ይታይለት። ጠበሉን አልቃወምም፤ ቀጠሮው ግን አይለፈው።

አባትሽ እንጀራ አይሆንም ሲሉ ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት እውነታቸውን ነው፤ መረጃ ሰብሳቢ አይከብርም። አጎትሽ ግን ላብራቶሪውን የሚሰጥሽ ለአንቺ ብሎ ብቻ አይመስለኝም፤ ፈቃድ ለማውጣት የባለሙያ ስም ያስፈልገዋል። ቅር ይበለው። ለማታና ለቅዳሜ እሠራልሃለሁ በይው፣ ደመወዙም በጽሑፍ ይሁን። ዘመድ ነን ብሎ ውል ከሸሸ መልሱን አገኘሽ። ከደመወዝሽም ለቤት የምትሰጪውን ቁረጪና ከዚያ አትለፊ፤ ትምህርትሽን ሸጠሽ ማንንም አታኖሪም።

ለእጮኛሽ ዛሬውኑ ንገሪው፤ የበሽታው ዓይነት ሳይታወቅ ግን አንቺ ለመመርመር አትቸኩዪ።

3.1 ችግር የለበትም። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ ካሁኑ ማጥናት ጀምሪ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።