ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሮኒክስ ወደ አውሮፓ ኅብረት ስንልክ

ጥያቄ፦ የምንልከው መሣሪያ 2 ኪሎ ይመዝናል። በውስጡ ያለው እርሳስ ተደምሮ 1 ግራም አይሞላም፤ የ2 ኪሎ 0.1 በመቶ ደግሞ 2 ግራም ነው። ታዲያ ከገደቡ በታች ነን?

መልስ፦ በዚህ ስሌት አይታወቅም። የሮህስ መመሪያ (በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ያሉ አደገኛ ንጥረ ነገሮችን የሚገድበው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ) ገደቡን የሚለካው በመሣሪያው ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ነው፤ ማለትም በመፍታት፣ በመቁረጥ ወይም በመፋቅ ከዚያ በላይ ሊነጣጠል በማይችለው። አንድ ኬብል እንኳ የመዳብ ሽቦው፣ የፕላስቲክ ሽፋኑና የጫፉ ቅብ እየተባለ ለየብቻ ይቆጠራል። በድሮው 63/37 ሶልደር (63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ በሆነው የብየዳ ቅይጥ) የተያዘች አንዲት የቺፕ እግር ካለች ያቺ ጠብታ 37 በመቶ እርሳስ ናት፤ ዕቃው በሙሉ በእሷ ይወድቃል። ስለዚህ የማምረቻ መስመሩን ብቻ ሳይሆን የጥገና ጠረጴዛውንም ፈትሹ። የተለመደው እርሳስ አልባ ሶልደር የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ነው፤ የድሮው በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ቴክኒሻን ለእጁ የቀለለውን ሽቦ ማንሳቱ አይቀርም። የድሮውን ሽቦና የነካውን የካውያ ጫፍ ከክፍሉ አስወጡ።

ገደቡ ለካድሚየም 0.01 በመቶ፣ ለሌሎቹ ዘጠኝ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 0.1 በመቶ ነው፦ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት)፣ ሁለት ዓይነት ብሮሚን ያላቸው እሳት ተከላካዮች (ፒቢቢና ፒቢዲኢ) እና አራት ፕላስቲክ ማለስለሻ ፍታሌቶች።

ጥያቄ፦ አቅራቢያችን «ሮህስን ያሟላል» የሚል ሰርተፍኬት ልኮልናል። ይበቃናል?

መልስ፦ ወረቀቱ ላይ ባለው ይወሰናል፤ ብዙዎቹ አይበቁም። መጀመሪያ ቀኑን እዩ። አራቱ ፍታሌቶች ለአብዛኛው ዕቃ ግዴታ የሆኑት ከሐምሌ 22 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለሆነ ስድስት ንጥረ ነገሮችን ብቻ የሚዘረዝር ወረቀት ጊዜው አልፎበታል። ቀጥሎ የክፍሉን መለያ ቁጥር ከግዢ ሰነዳችሁ ጋር አመሳክሩ። የላብራቶሪ ውጤት ከሆነ ደግሞ ናሙናው ከየትኛው ቁስ እንደተወሰደ በፎቶ መታየት አለበት፤ መሣሪያው በሙሉ ተፈጭቶ የተለካ ከሆነ ዋጋ የለውም።

በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ ፈጣን ነው፤ ግን የሚያየው ንጥረ ነገሩን እንጂ ውህዱን አይደለም። ክሮሚየም እንዳለ ይነግራችኋል፣ ሄክሳቫለንት መሆኑን ግን አይለይም። ብሮሚንም እንዲሁ ነው፤ መኖሩን ያያል፣ ከፒቢቢ ወይም ከፒቢዲኢ የመጣ መሆኑን ግን አይለይም። ፍታሌቶችን ከነጭራሹ አያያቸውም፤ ለእነሱ የጋዝ ክሮማቶግራፊ ምርመራ ያስፈልጋል። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ለስላሳ የፒቪሲ ኬብሎችንና የጎማ እግሮችን አስቀድሙ፤ የመውደቅ ዕድላቸው ከሁሉም የሰፋ ነው። ፍታሌት በንክኪ ስለሚሻገር የጸዳውን ክፍል በለስላሳ ፒቪሲ ከረጢት አታሽጉ።

መመርመሪያው በነሐስ ማያያዣ ላይ 3 በመቶ እርሳስ ቢያሳይ ወዲያው አትደንግጡ። በመዳብ ቅይጥ ውስጥ እስከ 4 በመቶ የሚፈቅድ ልዩ ፈቃድ አለ፤ ቁጥሩ 6(ሐ)፣ በእንግሊዝኛው 6(c) ነው። እነዚህ ፈቃዶች ግን ጊዜያዊ ናቸው፤ የተጠቀማችሁበትን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን በቴክኒክ ፋይሉ (ዕቃው ገደቡን ማሟላቱን የሚያሳዩ ሰነዶች በሚቀመጡበት) ጻፉ። ፋይሉ ኢኤን አይኢሲ 63000 በተባለው የደረጃ ሰነድ መሠረት ይደራጃል፤ እሱና የተስማሚነት መግለጫው (አምራቹ ዕቃው ሕጉን ማሟላቱን ፈርሞ የሚያረጋግጥበት ወረቀት) ዕቃው ገበያ ከገባ በኋላ 10 ዓመት ይቀመጣሉ። ዕቃው የኅብረቱን ሕግ ማሟላቱን የሚያሳየው የሲኢ (CE) ምልክት ከፍታ ከ5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ለጀርመንና ለፈረንሳይ ደንበኞች በቀጥታ እንሸጣለን። በአንዱ አገር ብንመዘገብ ለሌላው ይሠራልን?

መልስ፦ አይሠራም። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ምዝገባ (ዕቃው ሲያረጅ ለሚሰበሰብበትና ለሚወገድበት ኃላፊነት የሚደረገው) በየአገሩ ለየብቻ ነው። አስመጪ ነጋዴ ካላችሁ ግዴታው በእሱ ላይ ይወድቃል፤ በቀጥታ ለተጠቃሚ ስትሸጡ ግን «አምራች» እናንተ ናችሁ፣ በእያንዳንዱ አገርም ሕጋዊ ወኪል መሾም አለባችሁ። በጀርመን ምዝገባው ከሽያጩ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለሽያጭ ከማቅረብም ይቀድማል። ምዝገባው በንግድ ስምና በዕቃ ዓይነት ስለሆነ በቅጹ ላይ ያለው ስም በዕቃው ላይ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ባትሪ ካለው የባትሪው ምዝገባ ሌላ ነው። በዕቃው ላይ የተሰረዘው ባለ ጎማ የቆሻሻ ገንዳ ምልክት ከሥሩ ካለው ጥቁር መስመር ጋር ይታተማል፤ መስመሩን የሚዘነጉት ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ከአውሮፓ ገዝተን ለሌላ አገር እንሸጣለን። ቆሻሻ ተብለው ይያዙብናል?

መልስ፦ የሚሠሩ መሆናቸውን ካላሳያችሁ አዎ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የፍተሻ መዝገብ፣ ለቀጥታ አገልግሎት መሸጡን የሚገልጽ ደረሰኝና ውል፣ በጭነቱ ውስጥ ቆሻሻ እንደሌለ የሚያረጋግጥ መግለጫ፣ እንዲሁም ከጉዳት የሚከላከል ማሸጊያ ይጠየቃል። እላይ በላይ የተቆለለ ጭነት ወረቀቱ ቢሟላም ይቆማል። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር የሚዘዋወርበትን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አደገኛ ያልሆነው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም ሳይቀር ከመላኩ በፊት የተቀባዩን አገር የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል።