በኔጌቭ ሙቀት በእግር ለሚጓዝ ሰው የጀርባ ቦርሳ ስለመምረጥ

ጠያቂያችን በአፕሪል ወር ከዐራድ ተነስተው በእስራኤል ብሔራዊ የእግር መንገድ እስከ ኤላት ለመሄድ ማሰባቸውን ገልጸው፣ ጀርባው መረብ የሆነ 45 ሊትር ቦርሳ ይሻላል ወይስ 65 ሊትሩን ልግዛ ብለው ጠይቀዋል። ከዳን እስከ ኤላት ያለውን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ በሁለት ዓመት ጸደይ ከፋፍዬ ጨርሼዋለሁና በደቡቡ የኔጌቭ በረሃ ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልስልዎታለሁ።

በቅድሚያ የምለምንዎት ምርጫውን ከመረቡ እንዳይጀምሩ ነው። በሙቀት ለሚደረግ ረጅም ጉዞ ቦርሳ የሚመረጠው በሚሸከሙት ውሃ መጠን ነው። እኔ በኔጌቭ ስሄድ በቀን ከአምስት እስከ ስድስት ሊትር እጠጣ ነበር፤ ለማብሰያ የሚሆነው ሲጨመርበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ በማይገኝበት ስፍራ ከአሥር ሊትር በላይ ይዞ መነሳት ግድ ይላል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ ከምግቡ፣ ከድንኳኑና ከመኝታ ከረጢቱ ጋር ሸክሙ በቀላሉ 20 ኪሎ ይገባል። ቀላልነታቸው ተመስክሮላቸው የሚሸጡት፣ ውስጣቸው ዘንግ የሌላቸው ቦርሳዎች ግን አብዛኞቹ ከ10 ወይም ከ12 ኪሎ በላይ እንዲሸከሙ አልተሠሩም።

ይህን የተማርኩት በስህተቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የያዝኩት ቦርሳ ባዶውን አንድ ኪሎ የማይሞላ ነበር፤ በገሊላ፣ በየመንደሩ ውሃ እየቀዳሁ ስጓዝ፣ በጀርባዬ መኖሩ እንኳ አይታወቀኝም ነበር። ማክቴሽ ጋዶል ከተባለው ትልቅ የበረሃ ጎድጓዳ ስፍራ በስተደቡብ ባለው የካርቦሌት ሸንተረር ላይ፣ የሁለት ቀን ውሃ ጭኜ ስወጣ ግን የወገብ ቀበቶው ታጠፈና ክብደቱ ሁሉ በትከሻዬ ላይ ወደቀ። ረፋድ ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ በላብ የራሰው የሸሚዜ ስፌት ከማንጠልጠያው ሥር ሲፈገፍግ ውሎ፣ ማታ ሸሚዙን ሳወልቅ የመዳፍ ያህል ቆዳ ተልጦ አገኘሁት። ጓደኛዬ ሁለት ጠርሙስ ባይቀበለኝ ኖሮ እንዴት እንደምወርድ አላውቅም። ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግሯ የተሰደደችው እናቴ ይህን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ውሃውን አልደፋኸውም አይደል?»

ስለዚህ ውስጡ የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው፣ የወገብ ቀበቶውም ወፍራምና የማይታጠፍ ቦርሳ ይፈልጉ፤ ባዶውን ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ቢመዝን አይቆጩበት። ከመግዛትዎ በፊት የጀርባዎን ቁመት ያስለኩ። አንገትዎን ሲደፉ ከኋላ ከሚያፈጥጠው አጥንት አንሥቶ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች አናት እስከሚገኙበት መስመር ድረስ ያለው ርዝመት ነው የቦርሳውን ልክ የሚወስነው፤ የሰውነት ቁመት አይደለም፤ ሁለት እኩል የሆኑ ሰዎች የተለያየ ልክ ሊይዙ ይችላሉ። በሱቁ ውስጥ 15 ኪሎ ያህል አስጭነው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንቀሳቀሱ። ቀበቶው በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ መቀመጥ አለበት፤ በትክክል ከተቀመጠ በማንጠልጠያውና በትከሻዎ መካከል ጣትዎን ያለ ችግር ማስገባት ይችላሉ።

ወደ መረቡ ስመጣ፣ በጀርባና በቦርሳ መካከል ነፋስ ማስገባቱ እውነት ነው፤ እፎይታም ይሰጣል። ነገር ግን ቦርሳውን ከጀርባ አርቆ ስለሚይዝ፣ ሸክሙ ሲከብድ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ገደላማ ቦታ ላይ ደግሞ ሚዛን ያሳጣል። በዚያ ላይ ጀርባ በማንኛውም ቦርሳ ሥር መራሱ አይቀርም። ብዙ ውሃ ለሚሸከም ሰው የምመርጠው ነፋስ ማሳለፊያ ቦይ ያለው ስፖንጅ፣ ወይም ከጀርባ ብዙ የማይርቅ መረብ ነው።

መጠኑን በተመለከተ 50 ወይም 55 ሊትር ይበቃዎታል። 45 ሊትሩ ውሃው ውስጡ ሲገባ ለምግብ ቦታ ያጣል፤ 65 ሊትሩ ደግሞ ባዶ ቦታው ዕቃ ያስጨምራል።

የጎን ኪሶቹን ቦርሳው በጀርባዎ እንዳለ እጅዎ የሚደርስባቸው መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይግዙ፤ ለመጠጣት ማውረድ የሚያስፈልገው ሰው መጠጣቱን እያዘገየ ይሄዳል። ቱቦ ያለው የውሃ ከረጢት ለዚህ ያመቻል፤ ሆኖም ምን ያህል እንደቀረ አይታይም፣ ቢቀደድም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። እኔ ሁለት ሊትር ብቻ በከረጢት እይዝና የቀረውን በአንድ ሊትር ተኩል የፕላስቲክ ጠርሙሶች ከፋፍዬ፣ በቦርሳው መካከል ከጀርባዬ አስጠግቼ አስቀምጠዋለሁ።

ሌላው፣ ላቡ ሲደርቅ ማንጠልጠያው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይሠራል፤ ጨርቁንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል። በመንገድዎ ላይ ያለችው የሚጽፔ ራሞን ከተማ ሲደርሱ ማንጠልጠያውንና ቀበቶውን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት።

በየማደሪያው አስቀድሞ በመኪና ውሃ የሚያስቀምጥልዎት ሰው ካለ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ የቀን ውሃዎ ስድስት ሊትር ብቻ ስለሚሆን 45 ሊትሩም ያደርስዎታል። ይህን ወስነው በአንድ ጊዜ የሚሸከሙትን ከፍተኛ የውሃ መጠን ከጀርባዎ ቁመት ጋር ቢጽፉልን፣ የትኛው ዓይነት እንደሚስማማዎት ለይተን መነጋገር እንችላለን።