መጽሐፍ ለብቻ አይነበብም

ልጆች፣ ዛሬ ስለ ንባብ ትንሽ ልጨቅጭቃችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ ሲወጣ፣ ሲመለስ፣ ሲጠፋ፣ ገጹ ሲገነጠል እያየሁ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ ጭቅጭቁ ይፈቀድልኝ።

ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ሁሌም ያው ነው። «ጋሼ፣ በዓመት ስንት መጽሐፍ ላንብብ?» «ጋሼ፣ ቤታችን ጫጫታ ነው፣ ለብቻዬ የምሆንበት ቦታ የለኝም፣ እንዴት ነው የማነበው?» ስንት ለሚለው መልስ የለኝም። መጽሐፍ እንደ ሩጫ ዙር ሲቆጠር ሳይ እንደውም ይደብረኛል። ለብቻዬ የሚለው ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ። ለመሆኑ ንባብ የብቻ ነው ብሎ የነገራችሁ ማነው? ስልካችሁ ላይ የምታዩት ፎቶ ይመስለኛል፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ማኪያቶ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰው። ያምራል፣ አልክድም። ግን እኛ አገር መጽሐፍ በአብዛኛው እንዲህ አልኖረም።

የቄስ ትምህርት ቤትን ውሰዱ። ፊደል የለየ ልጅ ንባብ የሚጀምረው በቁጥር ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል እየጠቆመ፣ ጮክ ብሎ ይጠራል። ከዚያ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት ይደርሳል፤ ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰብ ይደግሳል። ይሄ ሁሉ በዝምታ አይደለም። ዛፍ ሥር የተኮለኮለው ልጅ ሁሉ የየራሱን ገጽ በአንድ ጊዜ ይጮሃል፣ የኔታ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ ይመስሉና ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንዷን የተሳሳተች ቃል ለቅመው «እንደገና!» ይላሉ። ቁርኣን ቤት ያለፋችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሉህ ይዞ አፉን ዘግቶ የሚቀራ ልጅ የለም። ጫጫታ አላስነብብ አለኝ የምትሉኝ እስቲ ይሄን አስቡት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ተአምረ ማርያም ሲነበብ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ፊደል ቆጥረው የማያውቁ እናቶች ታሪኩን ከአንባቢው ቀድመው ያውቁታል። እነዚህን እናቶች «አላነበቡም» ለማለት እኔ በበኩሌ ይከብደኛል።

ይሄ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በአራተኛው መቶ ዘመን ሚላኖ ሄዶ ጳጳሱን አምብሮስን ሲያነብ አየው። ዓይኑ ገጹ ላይ ይሄዳል፣ ድምፁ ግን የለም። ነገሩ ስለገረመው ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል እየገመተ በመጽሐፉ ላይ አሰፈረው። አያችሁ፣ ያን ጊዜ የሚያስገርመው ዝም ብሎ ማንበብ ነበር።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። ነቢይ መኮንንን ብዙዎቻችሁ በአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅነቱና በግጥሞቹ ታውቁታላችሁ። በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስሮ ነበር። እስር ቤት ውስጥ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እጁ ገባ፤ የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል «Gone with the Wind»፣ ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ። መጽሐፉ አንድ፣ እስረኛው ብዙ። እንግሊዝኛ የማያነበውም ብዙ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ነቢይ እያነበበ ለጓደኞቹ በአማርኛ ይተርክላቸው ጀመር። ኋላ ደግሞ መጻፍ መጣ። ወረቀት የለም፤ ሲጋራ ግን ይገባል። የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችውን ብልጭልጭ ወረቀት ታውቋት የለ? እሷ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ 3,000 ገደማ ቁራጭ ወረቀት ሞላ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሲጋራውን የሚያጨሰው ሌላ ሰው ነው። ወረቀቱን የሚያስቀምጥለት ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ፣ ሲፈታ ቁራጮቹን ሲጋራ መስለው ፓኬት ውስጥ ደብቆ የሚያወጣለት ደግሞ ሌላ። ነቢይ ከተፈታ በኋላ የተበተነውን ከየሰዉ እጅ እየለቀመ ሰበሰበና «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ሽፋኑ ላይ ያለው የተርጓሚ ስም አንድ ነው፤ መጽሐፉን ያወጡት እጆች ግን ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። ከነዚያ ተሸካሚዎች አንዱ እንኳ «ይሄ ምን አገባኝ» ብሎ ቁራጩን ቢጥል ኖሮ አንድ ምዕራፍ ይጎድል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የሲጋራ ነገር ከተነሳ አይቀር ኩባ ልውሰዳችሁ። ሃቫና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1865 ኤል ፊጋሮ በሚባል ፋብሪካ አንድ ነገር ተጀመረ። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው በእጃቸው ሲጋር ይጠቀልላሉ። እጅ እንጂ ጆሮ ሥራ የለውም። ስለዚህ ከየደሞዛቸው አዋጥተው አንባቢ ቀጠሩ፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ሆኖ ጋዜጣና ልብ ወለድ የሚያነብላቸው ሰው። አሠሪው አይደለም የሚከፍለው፣ እነሱ ናቸው! የስፔን ገዢዎች ነገሩ አላማራቸውም፣ በዓመቱ ከለከሉት። ሠራተኛ እየሠራ ሲያስብ ማን ይወዳል? ግን አልጠፋም፣ ተመልሶ መጣ፣ ዛሬም ድረስ አለ። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ታዋቂ ሲጋር ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ደጋግመው ከሚያስነብቡት ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው ይባላል።

እና አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ ትረካ መስማት ማንበብ ነው ወይ?» ስትሉኝ ለምን እንደምስቅ አሁን ይገባችኋል። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉትን ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው የከተማ ሰው፣ ያውም የተማረው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን አገር ሰማው። ሬዲዮ የሌለው ካለው ደጅ ተሰበሰበ። ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት አንዱን ጉዱ ካሣን በወጋየሁ ድምፅ ካልሆነ በሌላ ማሰብ የማይችል ትውልድ አለ፤ እኔም አንዱ ነኝ፣ መጽሐፉን ስገልጥ ሰውዬው ጆሮዬ ላይ ይናገራል። ስለዚህ ስሙ፣ ምንም አይደለም። የማልስማማው በጆሮ ማዳመጫ ተሸጉጦ ለብቻ ሰምቶ፣ ለማንም ሳያወሩት፣ ከማንም ጋር ሳይከራከሩበት ወደ ቀጣዩ መሮጥ ላይ ነው።

ስለ ማዋስ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ሙያዬ ነውና። የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ላይ እንዲህ የሚል ታገኛላችሁ፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀው፣ የፋቀው፣ የተወገዘ ይሁን ነው። ቀልድ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ቆዳ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ደርቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ጸሐፊው ወራት ጎብጦ ይቀመጥ ነበር። ታዲያ ያን ያህል የተለፋበት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ሳይሆን የደብሩ ነው፣ የሁሉም ነው። ውግዘቱም መጽሐፉን ከሰው ለመደበቅ አልነበረም። ሁሉም የሚሰማውን አንድ ሰው ለብቻው እንዳያደርገው ነው።

እንግሊዞች ግን ውግዘት አልፈሩም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ከሌላው ዝርፊያ ጋር ጫኑት፤ ጭነቱ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ፈጀ ይባላል። ከነዚያ ውስጥ ወደ 350 የሚሆኑት ብራናዎች ለንደን ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ በጫኑበት በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጻፉ፤ ክብረ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ እናንተ ጋ አለ፣ እሱ ከሌለ ሕዝቤ አይታዘዝልኝምና መልሱልኝ የሚል። እስቲ አስቡት፣ ንጉሥ መድፍ ሳይሆን መጽሐፍ ሲለምን! የብሪቲሽ ሙዚየም ሰዎች ከነበሯቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሱ። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ለንደንም ድረስ ሳይሠሩ አልቀሩም እላለሁ እኔ። ሌሎቹ በአብዛኛው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ ያ ሌላ ጊዜ የምናወራው ንዴት ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም ከዚሁ ወገን ነው። የቀረው ዓለም ሙሉውን መጽሐፍ አጥቶት ሲኖር የኛ ሰዎች በግዕዝ እየገለበጡ፣ እያነበቡ አቆዩት። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ18ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ነው ሊቃውንቱ ጉድ ያሉት። ከኛ ዘንድ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ብቻ ቢቀመጥ ምስጥ ይጨርሰው ነበር፤ ገልባጭና አንባቢ ስለነበረው ኖረ።

የቅርቡንም ታውቁታላችሁ። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ወዲያው ከየመደብሩ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን ግን ማስቀረት አልተቻለም። አስቀድሞ የገዛ ለወዳጁ፣ ወዳጁ ለወዳጁ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከቤት ቤት ዞረ። የተከለከለ መጽሐፍ ማዋስ ዋጋ በሚያስከፍልበት ዘመን ሰው ሰውን አመነ። እናንተ ግን ዛሬ ማዋሱ የማያስፈራ፣ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አዟሪ ጋ ተከራክራችሁ የገዛችሁትን መጽሐፍ ለጓደኛ ለመስጠት ትሳሳላችሁ።

አውሱ። ይጠፋል? አዎ፣ ይጠፋል። ስማችሁን ጻፉበት፣ ማን እንደወሰደው ደብተር ላይ መዝግቡ፣ ሁለቴ ያልመለሰ ጓደኛ ካለ ቤታችሁ መጥቶ ያንብብ በሉት። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፋችሁትን አትፈሩ፤ ቀጣዩ አንባቢ ይስቅበት፣ ይመልስበት። አንድ መጽሐፍ ለአራት አዋጥታችሁ ብትገዙም አይዟችሁ፣ በዚህ የመጽሐፍ ዋጋ ነውር አይደለም። ደግሞ አንድ ላይ ካነበባችሁ በኋላ ተጣሉ፤ ያልተጣላችሁበት መጽሐፍ ቶሎ ይረሳል።

«ከማን ጋር ልጀምር?» ለምትሉኝ፣ ከቤት ጀምሩ። ቅዳሜ እናታችሁ ቡና ስታፈላ ስልኩን ወዲያ አድርጉና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። መጀመሪያ ይስቁባችኋል፣ «ምን ሆነሃል?» ይሏችኋል፣ ቻሉት። አቦል ላይ የጀመራችሁት በረካ ሳይደርስ አንድ ምዕራፍ ያልቃል። ፍቅር እስከ መቃብርን ከመረጣችሁ ደግሞ ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን ቦታ ለአባታችሁ ተዉላቸው። የወጋየሁን ድምፅ ለማስመሰል መሞከራቸው አይቀርም፣ እንዳትስቁ።