የዓለም ጤና ድርጅት ለምን ማስገደድ አቃተው?

እህቴ፣ «በኮቪድ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ሀብታሞቹን አገሮች ክትባት እንዲያካፍሉ ለምን አላስገደዳቸውም?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያኔ በአንድ ዞን ጤና መምሪያ ክትባት ላይ እሠራ ስለነበር የማውቀውን ልበልሽ።

ማስገደድ አይችልም። የ194 አገሮች ማኅበር ነበር እንጂ የዓለም መንግሥት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የጸደቀ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አለው፤ ግን የጣሰውን አገር የሚቀጣበት አንቀጽ የለውም።

ገንዘቡ ደግሞ ይብሳል። አባል አገሮች በግዴታ የሚከፍሉት መዋጮ የበጀቱን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም ነበር። የቀረው ለጋሽ ሲፈቅድ የሚሰጠው ነው፤ አብዛኛውም «ለዚህ ሥራ ብቻ» ተብሎ ነው የሚመጣው። የዚህ ዓይነት እርዳታ ጣጣው እስከ ታች ይወርዳል። የአንዱ ፕሮጀክት መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ እያየን፣ እኛ ክትባት የምናደርስበት አጥተን እናውቃለን። «የእነሱ ነው፣ አይነካም» ነው መልሱ።

ወደ ክትባቱ ልምጣ። ኮቫክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ዕቅድ የታሰበው ሁሉም በአንድ ቋት ገዝቶ እንዲካፈል ነበር። ሀብታሞቹ ግን በጎን ከፋብሪካዎቹ ጋር ተዋዋሉና ሰልፉን ቀደሙ። ለእኛ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሕንድ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እዚያ ወረርሽኙ ሲከፋ ወደ ውጭ መላኩ ቀጥ አለ። የመጀመሪያውን የተወጉ አባቶችና እናቶች «ሁለተኛው መቼ ነው?» እያሉ ሲመላለሱ የምንላቸው ጠፋን። ኋላ ላይ ሀብታሞቹ አገሮች ሲተርፋቸው ለአፍሪካ ለገሱ፤ ከላኩት ውስጥ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ትንሽ የቀረው ብዙ ነበር። ከዚያ «አፍሪካውያን ክትባት ይፈራሉ» መባል መጣ! የፈራ አልነበረም አልልም። ግን ፈልጎ ያጣውን ማን ቆጠረው?

እኔን በጣም ያናደደኝ የኦሚክሮን ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ይህን አዲስ የኮቪድ ዝርያ አግኝታ ሳትደብቅ ተናገረች። ወዲያው ብዙ አገሮች በረራ ዘጉባት። ደንቡ «ቶሎ አሳውቁ» ይላል፤ ያሳወቀው ተቀጣ። እንዲህ ከሆነ ቀጣዩ አገር ለምን ይናገራል?

አሁን ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጸደቀ የወረርሽኝ ስምምነት አለ። አሜሪካ ከድርድሩ ወጥታለች። በስምምነቱ የሚሳተፉ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለድርጅቱ ያቀርባሉ፤ ከዚህ ቢያንስ ግማሹ በነጻ ነው። ግን የቫይረስ ናሙና የሰጠ አገር በምላሹ ምን እንደሚያገኝ ዝርዝሩ ወደ አባሪ ሰነድ ተገፍቷል። ጉዳዩን የምትከታተዪ ከሆነ ንግግሩን ሁሉ ተዪና እሱን አባሪ አንብቢ።