ተደብቀው የሚቀሩ መስኮቶች፦ ፕሮግራሞችን በቡድን ስለሚያፈራርቁ መሣሪያዎች

እዚሁ ጅማ፣ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ አንድ ጠያቂ ችግራቸውን ጽፈውልናል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በዎርድ ይተይባሉ፣ የአንድ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበርን የርክክብ መዝገብ በኤክሴል ይይዛሉ፣ ደንበኞች የሚልኩትን ፋይል ደግሞ በቴሌግራም ይቀበላሉ። መስኮቶቹ ሲበዙባቸው ክፍት ፕሮግራሞችን በቡድን ከፋፍሎ በአንድ ቁልፍ የሚያፈራርቅ ነፃ መሣሪያ ጫኑ። መጀመሪያ ላይ ቢወዱትም፣ አንድ ቀን መሣሪያው በራሱ ሲዘጋ ደብቋቸው የነበሩት የዎርድ መስኮቶች አልመለስ አሉ። «ሴቭ ያላደረግሁት ሥራ ጠፋ ማለት ነው? መሣሪያውንስ ልተወው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። እነዚህ መሣሪያዎች የሌላውን ቡድን መስኮት አይዘጉም፤ ከማያ ገጹና ከታስክባሩ ላይ ይሰውሩታል እንጂ። መሣሪያው ድንገት ሲዘጋ «መልሰህ አሳይ» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጥ ስለሚጠፋ፣ ዎርድ ከነጽሑፉ በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ እየሠራ ሳለ ተጠቃሚው ግን የሚያየው ነገር አይኖርም። ይህን በሁለት ነገር ማረጋገጥ ይቻላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ተጭነው ታስክ ማናጀርን ሲከፍቱ ዎርድ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ አልተዘጋም። ፋይሉ በተቀመጠበት ፎልደር ውስጥም፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካደረጉ፣ ስሟ በ~$ የሚጀምርና ከሰነድዎ ስም ጋር የምትመሳሰል ትንሽ ፋይል ያገኛሉ፤ ዎርድ ሰነዱን ከፍቶ በያዘበት ጊዜ የሚያስቀምጣት ምልክት ናት።

በዚህ ጊዜ በታስክ ማናጀር ዎርድን በግድ መዝጋት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሴቭ ያልተደረገውን ሳያስቀምጥ ይዘጋዋልና። መጀመሪያ መሣሪያውን እንደገና ከፍተው ሁሉንም መስኮት የሚያሳይ ትእዛዝ እንዳለው ይፈልጉ። እሱ ካልሠራ፣ ዎርድ በራሱ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው ካልተቀየረ በቀር በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ታግሠው ከቆዩ በኋላ ብቻ በመጨረሻ አማራጭነት ይዝጉትና ዎርድን መልሰው ይክፈቱ፤ የዳነውን ሰነድ በጎን በኩል ያቀርብልዎታል። መብራት በድንገት ለሚጠፋበት ቤት ይህን ጊዜ ከዎርድ አማራጮች ውስጥ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማሳጠር በማንኛውም ሁኔታ የሚመከር ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ የሰው አደራ ለያዘ ኮምፒውተር እንዲተዉት እመክራለሁ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉ ብዙ ዴስክቶፖችን፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መስኮቶች የሚይዙ የሥራ ገጾችን፣ በውስጡ ይዟል፤ በዊንዶውስ 11ም አሉ። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና ዲን አብረው ሲጫኑ አዲስ ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ በዲ ፋንታ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ሲጫኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ፤ ዊንዶውስና ታብ ደግሞ ሁሉንም ያሳይዎታል። ዴስክቶፑን በዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ኤፍ 4 ቢዘጉት እንኳ በውስጡ የነበሩት መስኮቶች ወደ አጠገቡ ዴስክቶፕ ይዛወራሉ እንጂ አይዘጉም። እኔ ይበልጥ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

አከፋፈሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዎርዶችን በአንድ በኩል፣ ኤክሴሎችን በሌላ በኩል ማድረግ ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ መዋል ነው። በፕሮግራም ሳይሆን በሥራ ይክፈሉ፤ የተማሪው ጽሑፍ ከነሠንጠረዡና ከነፒዲኤፉ አንድ ዴስክቶፕ፣ የማኅበሩ መዝገብ ከነካልኩሌተሩ ሌላ ዴስክቶፕ ይያዝ። በተለይ በምረቃ ሰሞን ወረፋው ሲበዛ፣ የአንዱን ተማሪ ምዕራፍ በሌላው ሰነድ ላይ ከመለጠፍ የሚያድነው ይህ አከፋፈል ነው። ቴሌግራም ለሁሉም ስለሚያስፈልግ፣ ዊንዶውስና ታብን ተጭነው በመስኮቱ ላይ በቀኝ ጠቅ ያድርጉና በሁሉም ዴስክቶፖች እንዲታይ ይምረጡ። አልትና ታብ የሌላውን ሥራ መስኮት ጭምር የሚያመጣብዎ ከሆነ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ መልቲታስኪንግ ውስጥ ገብተው ያሉበትን ዴስክቶፕ መስኮቶች ብቻ እንዲያሳይ ያድርጉት። የዊንዶውስን የአማርኛ ኪቦርድ የሚጠቀሙ ከሆነም፣ በከፍተኛ የኪቦርድ ቅንብሮች ውስጥ እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቋንቋ እንዲይዝ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩት፤ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ወደ አማርኛው ደብዳቤ ሲያልፉ ኪቦርድ ከመቀየር ይገላገላሉ።

ዴስክቶፕ ማብዛት የኮምፒውተሩን ሸክም አያቀልም። ያልታየው ፕሮግራም ራሙን እንደያዘ ስለሚቆይ፣ ማሽኑ 4 ጊጋባይት ብቻ ካለው ያለቀውን ሥራ መዝጋት ግድ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣም ዴስክቶፖቹ ይመለሳሉ እንጂ መስኮቶቹ በየቦታቸው አይከፈቱም።

የገጠመዎትን ችግር ለመሣሪያው ሠሪ መጻፍዎ ግን ተገቢ ነው፤ «አይሠራም» ብቻ ካሉት ግን ሊያስተካክለው አይችልም። የዊንዶውስዎን ሥሪት፣ የመሣሪያውን ሥሪት፣ በየቡድኑ ምን ምን ፕሮግራም እንደነበረና ከመዘጋቱ በፊት የተጫኑትን ቁልፍ በቅደም ተከተል ይጻፉለት፤ መሣሪያው ሲዘጋ የደበቃቸውን መስኮቶች ሁሉ አስቀድሞ እንዲመልስም ይጠይቁት። የማያ ገጽዎን ፎቶ አያይዘው የሚልኩ ከሆነ የማኅበሩ አባላት ስምና ሒሳብ በፎቶው ላይ አለመታየቱን ከመላክዎ በፊት ያረጋግጡ።