የቲፕ ሳጥኑን ማን ይከፍተዋል? ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቲፕ ናቸው። ድሮ ከመልሱ ላይ ትንሽ ትቶ መነሳት ነበር። አሁን ግን ካፌውም ጁስ ቤቱም ዳቦ ቤቱም ካሸሩ ፊት ሳጥን አስቀምጧል። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑት እነሆ።

ቢሮዬ ሥር ያለው ካፌ አስተናጋጅ የለውም። ቀድሜ እከፍላለሁ፣ ማኪያቶዬንም ራሴ ነኝ የማነሳው። ካሸሯ አጠገብ "ቲፕ" የሚል የመስታወት ሳጥን አለ። ሳልጨምር ሳልፍ ስስታም የሆንኩ ይመስለኛል። መስጠት አለብኝ? (ከቦሌ)

የለብሽም እህቴ። ቲፕ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሳጥኑን የምታዪው ማኪያቶውን ገና ሳትቀምሺ ነው። በየቀኑ የምትሄጂበት ቤት ከሆነና ባሬስታው ገና ከበር ስትገቢ የምትወጂውን መሥራት የሚጀምር ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን 20 ወይም 30 ብር ብትጥዪ ደስ ይላል። በየስኒው አይጠበቅብሽም።

ከመጣልሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሳጥኑን ማን ነው የሚከፍተው? ሠራተኞቹ ማታ አብረው ከፍተው፣ ቆጥረው የሚካፈሉበት ቤት አለ። እዚያ እቃ አጣቢዋም ድርሻ አላት። እንዲህ ያለውን ሳጥን እኔ በጣም እደግፋለሁ፤ ጓዳ ውስጥ እጇ ውሃ ውስጥ የሚውለውን ልጅ ደንበኛ አያያትምና፣ በእጅ የሚሰጥ ቲፕ እሷ ጋር አይደርስም። ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ የሆነበት ቤትም አለ። ካሸሯን ቀስ ብለሽ ጠይቂያት፤ ዞር ዞር ብላ አይታ "እ...እሱ እንኳን..." ካለች መልሱን አግኝተሻል። ያኔ ብሩን ለሠራልሽ ሰው በእጁ ስጪው።

በቴሌብር ለምትከፍሉም ይኸው ነው። ካሸሩ ፊት የተለጠፈው ኪውአር የድርጅቱ ነው። ሒሳቡ ላይ ጨምራችሁ የላካችሁት 20 ብር የሚገባው ድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ ነው። ለአስተናጋጁ ከሆነ ያሰባችሁት የራሱን ቁጥር ጠይቁት።

ሆቴል በልተን ሒሳቡ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ መጣ። ባለቤቴ በዚያ ላይ 100 ብር ቲፕ ልተው ሲል ተከራከርን። ማናችን ልክ ነን?

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በ1,000 ብር ምግብ ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 1,100 ይሆናል፤ 15 በመቶው ቫት በዚያ ላይ ሲታሰብ 1,265 ብር ትከፍላላችሁ። እዚህ ላይ ማቆም ነውር የለውም። ልጁ ልጆቻችሁን ጭምር ተንከባክቦ ካስተናገዳችሁ ግን የባለቤትሽ 100 ብር በደንብ ይገባዋል። ሰርቪስ ቻርጅ በሌለበት ቤት እኔ ከሒሳቡ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢተው እላለሁ።

ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ደመወዝ እንዲጨመርልን ስንጠይቅ "ቲፕና ሰርቪስ ቻርጅ ታገኙ የለ?" እንባላለን። ብርጭቆ ከተሰበረ ደግሞ ከቲፑ ላይ ይቆረጣል። ይሄ ልክ ነው?

ወንድሜ፣ ልክ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ደመወዝ ከሚለው ውስጥ አይቆጥረውም። ስለዚህ ሰርቪስ ቻርጅ በደመወዝህ ቦታ ሊተካ አይችልም። ደመወዝህንም ቢሆን አሠሪው ደስ ባለው ጊዜ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንተ በጽሑፍ በተስማማኸው መሠረት ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ቲፑማ ደንበኛው ለእናንተ ብሎ የሰጣችሁ ነው። ለተሰበረ ብርጭቆ ከዚያ ላይ ማንሳት፣ እኔ እንደማየው፣ የሰው ገንዘብ መውሰድ ነው።

ብቻህን አትጋፈጥ። የተቆረጠውን ከነቀኑ ጻፉ፤ ሁላችሁም ሆናችሁ ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ። ካልሰማ የክፍለ ከተማችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ። አዋጁ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይደነግጋል። ወለሉ ተቆርጦ ሥራ ላይ እስኪውል የብዙ አስተናጋጆች የቤት ኪራይ በእኛ ቲፕ ላይ ተንጠልጥሏል። ይሄ ያሳስበኛል፤ ደንበኛ ሲጠፋ ልጆቹም ምሳ ያጣሉ።

ሁሌ "ዝርዝር የለም" ብለው መልስ የሚያስቀሩብኝስ?

እሱ ቲፕ አይደለም። መልስዎን በትሕትና ይጠይቁ። ከፈለጉ ተቀብለው መልሰው ይስጡ።

አሜሪካ ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነው። ቡና ገዝቼ ስወጣ ታብሌቱን ወደኔ ያዞሩታል፤ 18፣ 20፣ 25 በመቶ ይላል። ልጅቷ ቆማ እያየችኝ "አልሰጥም" የሚለውን መንካት ያሳፍረኛል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይፈር። ቆሞ ገዝቶ ለሚሄድ ሰው ቲፕ ግዴታ አይደለም። ደስ ካለህ አንድ ዶላር ይበቃል፤ ሌላ መጠን የምታስገባበት ቦታም አብዛኛውን ጊዜ ታብሌቱ ላይ አለ።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ከተስተናገድክ ግን ነገሩ ይለያል። የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ በቀጥታ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ከቲፑ ጋር ተደምሮ 7 ዶላር ከ25 ካልሞላ አሠሪው መሙላት አለበት። ብዙ ክልሎች ከዚህ ከፍ ያደርጉታል፣ ቢሆንም አስተናጋጁ በዋናነት የሚኖረው በቲፑ ነው። ስለዚህ እዚያ ከ18 እስከ 20 በመቶ አስብ። ብዙ ሆናችሁ ከበላችሁ መጀመሪያ ሒሳቡን አንብቡ፤ ለቡድን ቲፑን ራሳቸው የሚጨምሩ ቤቶች አሉ፣ የሀበሻ ምግብ ቤቶችም ጭምር። ሳያዩ ሁለቴ የከፈሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጽፈውልኛል። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባለቤትም ሆነ ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኞች ቲፕ ላይ ድርሻ መውሰድ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

አዝማሪ ቤት ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ንቀት አይሆንም ወይ?

የቤቱ ወግ ነው፣ ንቀት የለውም። ብሩን ግን በአክብሮት ለጥፉ፤ ሴት ድምፃዊት ከሆነች በእጇ መስጠት ይሻላል። ማሲንቆ የሚመታውንም አትርሱት።

ፀጉሬን የምትሠራኝ የቤቱ ባለቤት ናት። ለእሷም ቲፕ እሰጣለሁ?

ዋጋውን የቆረጠችው እሷ ስለሆነች አያስፈልግም፤ ለበዓል አንድ ነገር ይዘሽላት ብትሄጂ ይበቃል። ፀጉርሽን ያጠበችሽን ልጅ ግን ሳትሰጪ አትውጪ።