የምርምር አክስለሬተር በሌለበት የቁጥጥር ሶፍትዌሩን መማር

ውድ ጠያቂያችን፦ የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ መሆንዎን፣ የአክስለሬተር (እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ ማሽን) ቁጥጥር ሶፍትዌር ላይ መሥራት እንደሚመኙ፣ በአካባቢዎ ግን የምርምር አክስለሬተር ስለሌለ ጓደኞችዎ «ይህ የቀን ቅዠት ነው፤ ይልቅ ድረ ገጽ መሥራት ተማር» እንደሚሉዎት ጽፈውልናል።

ድረ ገጽ መሥራት የተከበረ ሙያ ነው፤ ሆኖም ምኞትዎን የሚተዉበት ምክንያት የማሽኑ አለመኖር ሊሆን አይገባም። በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩ መሐንዲሶችም ፕሮግራማቸውን ማሽኑ ላይ ከመጫናቸው በፊት የሚፈትኑት በማስመሰያ (የማሽኑን ጠባይ በሚመስል ፕሮግራም፣ ሲሙሌተር) ነው፤ ማሽኑ ገና ሲገነባ ሶፍትዌሩ መዘጋጀት አለበት፣ ሥራ ከጀመረ በኋላም ተመራማሪዎች በወረፋ ስለሚጠቀሙበት ለሙከራ የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው።

በኤፒክስ (EPICS) ይጀምሩ። ይህ በአሜሪካ የሎስ አላሞስና የአርጎን ቤተ ሙከራዎች ትብብር የተወለደ፣ በነጻ የሚገኝ የቁጥጥር ሥርዓት ሲሆን፣ እንደ በስዊድን ሉንድ ያለው የአውሮፓ ስፓሌሽን ሶርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዮርዳኖስ አላን የተመረቀው ሴሳሚ እና የደቡብ አፍሪካው አይቴምባ ቤተ ሙከራ ያሉ የአክስለሬተር ማዕከላት ይጠቀሙበታል። ሊኑክስ ባለው ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ አንዴ ካወረዱት ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። አብሮት የሚመጣው ሶፍት አይኦሲ (softIoc) የተባለ ፕሮግራም ምንም መሣሪያ ሳይኖር፣ ለምሳሌ የቅንጣቶቹን ጉዞ የሚመራ አንድ ማግኔት የታዘዘለትን ከረንትና የተነበበውን ከረንት እንደ ሁለት ሪከርዶች (ስም የተሰጣቸው የእሴት መዝገቦች) አድርጎ ያቀርብልዎታል።

ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ደርሰው ይቆማሉ። የሠሩት ማስመሰያ 100 አምፔር ሲታዘዝ በዚያው ቅጽበት 100 አምፔር ብሎ ይመልሳል፤ ፈተናው ሁሉ ያልፋል፤ ግን ምንም አልተፈተነም። ለምን እንደምል በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላስረዳዎት። ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና አክስለሬተር እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከልክ ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ ከእነርሱም ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። በ1986 በቴክሳስ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ የኤሌክትሮን ሕክምናን መምረጥ ሲገባት የኤክስሬይ ሕክምናን ምልክት ትጽፍና ስሕተቷን ወዲያው ታርማለች። ማግኔቶቹ ተስተካክለው እስኪያልቁ ስምንት ሰከንድ ያህል ይወስድ ስለነበር፣ እርማቱ በዚያ መሐል ሲገባ ስክሪኑ የታረመውን ያሳያል፤ ፕሮግራሙ ግን ስላላየው ሕመምተኛው ከልክ ያለፈ ጨረር ይደርሰዋል። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ፈታኝ ይህን አያገኘውም፤ የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ባለሙያዋ ስሕተቱን መልሰው ለማየት የቻሉት በፍጥነት መጻፍን ከተለማመዱ በኋላ ነው።

ስለዚህ የእርስዎ ማግኔት ስምንት ሰከንድ የሚወስድ ይሁን፤ በሦስተኛው ሰከንድ ላይ ትእዛዙን ይቀይሩና ሶፍትዌሩ ምን እንደሚያምን ይመልከቱ። ቀጥለው ግንኙነቱን ይቁረጡ፤ ከዚያም ጤናማ መስሎ የማይለወጥ ንባብ ይስጡት፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ሉዊስ (Lewis) የተባለው በፓይተን የተጻፈ የመሣሪያ ማስመሰያ ማዕቀፍ ጥሩ ረዳት ነው። የማስመሰያን ወሰንም ይወቁ፦ የእውነተኛ ማግኔት መስክ በአሁኑ ከረንት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ባለፈበት ከረንትም ይወሰናል፤ ይህን እርስዎ ካልነገሩት ማስመሰያው ከየትም አያመጣውም።

«አክስለሬተር የለም» ያሉትንም በከፊል ላርም። በሀገራችን የካንሰር ጨረር ሕክምና የሚሰጡት ሊኒየር አክስለሬተሮች አክስለሬተር ናቸው። ሶፍትዌራቸውን መንካት አይቻልም፣ አይገባምም፤ ሆኖም በዩኒቨርሲቲዎ ደብዳቤ ፈቃድ ጠይቀው፣ የሕክምና ፊዚሲስቶቹ ጠዋት ጠዋት ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን እንዴት እንደሚፈትሹ ቢያዩ፣ ኢንተርሎክ (አደጋ ሲኖር ማሽኑን የሚያግድ የደኅንነት መቆለፊያ) ምን ማለት እንደሆነ በዓይንዎ ይረዳሉ።

የመመረቂያ ጽሑፍዎን በዚሁ ላይ እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ለአማካሪዎ ሲያቀርቡት «የአክስለሬተር ሲሙሌሽን» ብለው አያስፉት፤ «የአንድ ማግኔት ፓወር ሰፕላይ ማስመሰያና የቁጥጥር ሶፍትዌሩ የብልሽት ፈተና» ይበሉት። ሥራ ሲያመለክቱም ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገው፣ ከማመልከቻው አናት ላይ ማስመሰያዎ ያጋለጠውን አንድ ስሕተትና ያረሙበትን መንገድ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።